ኩሬው በአፉ አይለካም

የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ የቤተሰብ ኩሬ ያለው አርሶ አደር መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ ያቆረው ውሃ ምን ያህል መሬት ያለማል የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ኩሬው 12 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ወርድና 3 ሜትር ጥልቀት አለው እንበል። ሦስቱ ሲባዙ 360 ሜትር ኪዩብ ይመጣል። ቁጥሩ በቀበሌው መዝገብ ይሰፍራል፤ ከቀበሌ ወደ ወረዳ ይሄዳል፤ አርሶ አደሩም በዚያው ልክ የሽንኩርት ችግኝ ያፈላል።

ችግሩ ኩሬው ሳጥን አለመሆኑ ነው። የአፈር ኩሬ ግድግዳው ቀጥ ብሎ አይቆፈርም። ቀጥ ካለ በመጀመሪያው ክረምት ይናዳል። ስለዚህ ወደ ውስጥ እያዘነበለ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም በእያንዳንዱ አንድ ሜትር ጥልቀት ከየጎኑ አንድ ሜትር እየጠበበ ይሄዳል። ላይ 12 በ10 የነበረው ኩሬ 3 ሜትር ታች ሲደርስ 6 በ4 ብቻ ይሆናል። አፉ 120 ካሬ ሜትር፣ ወለሉ ግን 24 ካሬ ሜትር ነው። ከላይ ቆሞ የሚያይ ሰው የሚያየው አፉን ነው፤ የሚለካውም አፉን ነው።

ትክክለኛው ልክ ሦስት ቦታ መለካትን ይጠይቃል፤ አፉን፣ ወገቡንና ወለሉን። ወገቡ ማለት የጥልቀቱ እኩሌታ ላይ፣ ማለትም 1 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለው ስፋት ነው። በዚህ ኩሬ ወገቡ 9 በ7 ስለሆነ 63 ካሬ ሜትር ይሆናል። የወገቡ ስፋት በ4 ይባዛል፤ የአፉና የወለሉ ስፋት ይደመርበታል፤ ድምሩ በጥልቀቱ ተባዝቶ ለ6 ይካፈላል። 63 በ4 ሲባዛ 252 ነው፤ 120 እና 24 ሲደመሩበት 396 ይሆናል። ይህ በ3 ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል 198 ሜትር ኪዩብ ይመጣል። በሳጥን ስሌት ከወጣው 360 ግማሹን ጥቂት ያልፋል፤ ከዚያ አይበልጥም።

ይህም ቢሆን ኩሬው እስከ ከንፈሩ ቢሞላ ነው። ጠርዙ በጎርፍ እንዳይሸረሸር ውሃው ከአፉ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በማስተንፈሻው እንዲወጣ ይደረጋል። ያን ጊዜ የውሃው ጥልቀት 2 ሜትር ከ70፣ የውሃው ገጽ ደግሞ 11 ሜትር ከ40 በ9 ሜትር ከ40 ይሆናል። በዚሁ የሦስት ቦታ ስሌት 164 ሜትር ኪዩብ ገደማ ይወጣል። በ200 ሊትር በርሜል ቢሰፈር 820 በርሜል ነው። በመዝገቡ ላይ ያለው 360 ግን 1 ሺህ 800 በርሜል ይላል።

የልዩነቱ ዋጋ የሚታወቀው በማሳው ላይ ነው። የሰብል የውሃ ፍላጎት እንደ አየር ንብረቱ፣ እንደ አፈሩና እንደ ሰብሉ ዕድሜ ይለያያል። ለስሌት እንዲመች በቀን 5 ሚሊ ሜትር የሚፈልግና 100 ቀን ማሳ ላይ የሚቆይ አትክልት ይወሰድ። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ማለት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር በ100 ቀን 500 ሊትር ይጠጣል። 360 ሜትር ኪዩብ አለኝ ያለ አርሶ አደር 720 ካሬ ሜትር ይተክላል። በኩሬው ያለው 164 ሜትር ኪዩብ ግን የሚበቃው ለ328 ካሬ ሜትር ነው። 720ውን ካሬ ሜትር የተከለው ሰው በየቀኑ 3 ሺህ 600 ሊትር ሲያጠጣ ከርሞ በ45ኛው ቀን አካባቢ የኩሬውን ወለል ያያል። ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ የቤተሰቡ ጉልበትና የ45 ቀን ውሃ ሁሉ ፈሰዋል፤ ሰብሉ ግን ገና እኩሌታ ላይ ነው። ግማሹን መሬት ብቻ ተክሎ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ውሃ ይዞ ወደ ምርት ለመድረስ ዕድል ነበረው።

በዚህ ላይ ትነትና ስርገት አሉ። ትነት የሚበላው በውሃው ገጽ ስፋት ልክ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ኩሬ ሲሞላ ገጹ 107 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በቀን 5 ሚሊ ሜትር የሚተን ከሆነ ከ500 ሊትር በላይ ውሃ ማሳውን ሳያይ ይሄዳል። ጥላ ማልበስ የሚመከረውም ለዚህ ነው። እናም 328 ካሬ ሜትር የሚለው ራሱ ጣሪያው ነው፤ ጠንቃቃ አርሶ አደር ከዚያም ዝቅ ይላል።

ግማሽ የሆነ ኩሬ ግማሽ አይደለም

የውሃውን መጠን ለመከታተል በኩሬው ውስጥ ምልክት ያለበት እንጨት ማቆም ጥሩ ልማድ ነው። ሆኖም በእንጨቱ ላይ እኩል የተከፈለው ምልክት ውሃውን እኩል አይከፍልም። በምሳሌው ኩሬ የውሃው ከፍታ ከ2 ሜትር ከ70 ወደ 1 ሜትር ከ35 ሲወርድ፣ ማለትም እንጨቱ ግማሽ ሲያሳይ፣ የቀረው ውሃ 54 ሜትር ኪዩብ ያህል ነው። ይህም ከሙሉው ሲሶ ነው። ሁለት ሦስተኛው ሄዷል። «ኩሬዬ ገና ግማሽ ነው» ብሎ የተዘናጋ ሰው ቀሪውን በሌላ ሒሳብ ማየት አለበት።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገር አለ፤ በጥገና ወቅት የሚዘነጋውም እሱ ነው። ከወለሉ በላይ ያለው የመጀመሪያው ግማሽ ሜትር የሚይዘው 14.7 ሜትር ኪዩብ ብቻ ሲሆን፣ ከውሃው ገጽ በታች ያለው የላይኛው ግማሽ ሜትር ግን 48.5 ሜትር ኪዩብ ይይዛል። ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። በየዓመቱ ደለል ለመጥረግ የሚወጣው ጉልበት ተገቢ ነው፤ ደለሉ ካልተጠረገ ኩሬው ቀስ በቀስ ይሞላል። ይሁንና የማስተንፈሻው አፍ ተሸርሽሮ በግማሽ ሜትር ዝቅ ካለ፣ ኩሬው ግማሽ ሜትር ደለል ቢተኛበት ከሚያጣው ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ውሃ ያጣል። ደለሉ ለሁሉም ይታያል። የተሸረሸረው ጠርዝ ግን ጥቂት ድንጋይና የአንድ ቀን ሥራ የሚፈልግ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው የለም።

ጂኦሜምብሬን ሲገዛም ቅርጹን ካለማወቅ የሚመጣ ኪሳራ አለ። ፕላስቲኩ የሚሸፍነው የኩሬውን አፍ ሳይሆን ወለሉንና አራቱን ግድግዳዎች ነው። አፉን ለክቶ 12 በ10 የገዛ ሰው ሲያነጥፈው ግድግዳው መሃል ላይ ያልቅበታል። ወለሉን ወስዶ በሁለቱም በኩል 3 ሜትር ጥልቀት የደመረም ያው 12 በ10 ያገኛል፤ ምክንያቱም የተዘነበለው ግድግዳ ርዝመት ከጥልቀቱ ይበልጣል። 3 ሜትር ወርዶ 3 ሜትር ወደ ውስጥ የገባ ግድግዳ በገመድ ሲለካ 4 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ለርዝመቱ 6 ሜትር ወለል፣ የሁለት ግድግዳ 8 ሜትር ከ48፣ እንዲሁም ጠርዙ ላይ በአፈር ተቀብሮ ለሚያዘው በየጎኑ ግማሽ ሜትር ተደምሮ 15 ሜትር ተኩል ያስፈልጋል። ለወርዱ በዚሁ መንገድ 13 ሜትር ተኩል። በድምሩ 209 ካሬ ሜትር ነው እንጂ 120 አይደለም። ፕላስቲክ ከታጠረ በኋላ በመቀጠል ይፈታል ማለት አይቻልም፤ በአግባቡ ያልተበየደ መጋጠሚያ ውሃ ያሳልፋል። አንድ ገመድ ከአንዱ ጠርዝ አስነስቶ፣ ግድግዳውን አስታክኮ በወለሉ ላይ አሳልፎ በማዶው ጠርዝ ማውጣት ማንኛውንም ስሌት ይተካል።

ለወረዳ አመራሩ ጉዳዩ የሚመጣው በሪፖርት መልክ ነው። 100 እንዲህ ያሉ ኩሬዎች ያሉት ወረዳ በሳጥን ስሌት 36 ሺህ ሜትር ኪዩብ ውሃ አቁሬያለሁ ይላል። መሬት ላይ ያለው 16 ሺህ 400 ነው። ማንም አልዋሸም፤ ሜትሩም ትክክል ነበር። የተሳሳተው የቅርጹ ስም ነው። ነገር ግን የበጋ መስኖ ዕቅድ፣ የዘር አቅርቦትና የፓምፕ ክፍፍል በዚያ ቁጥር ላይ ከተመሠረቱ፣ 20 ሺህ ሜትር ኪዩብ ያህል የሌለ ውሃ ዕቅድ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «ርዝመት፣ ወርድ፣ ጥልቀት» ከሚሉት ሦስት ዓምዶች ሌላ «የወለል ርዝመት» እና «የወለል ወርድ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ቢጨመሩ ስህተቱ ከምንጩ ይደርቃል። ግድግዳው አንድ ወጥ ሆኖ ካዘነበለ የወገቡ ልክ ከሁለቱ ስለሚገኝ ለብቻው መለካት አያስፈልገውም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ፣ በትግራይና በሌሎችም ክልሎች የቤተሰብ ውሃ ማቆሪያ በዘመቻ ሲሠራ ኩሬዎቹ አንድ ዓይነት አልነበሩም። ጎናቸው የሚያዘነብል ባለ አራት ማዕዘኖች፣ የግማሽ ሉል ቅርጽ ያላቸው፣ አፋቸው ጠባብ ሆዳቸው ሰፊ የሆነ የጠርሙስ ቅርጽ ያላቸውም ነበሩ። ግማሽ ሉል የሆነ ማቆሪያ አፉና ጥልቀቱ እኩል የሆነ ሲሊንደር ከሚይዘው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይይዛል። ጠርሙሱ ደግሞ በተቃራኒው አፉን ለክቶ የሚያሰላውን ሰው በብዙ እጥፍ ያሳንስበታል። አንዱ ዘዴ ለሁሉም አይሠራም ቢባል አያስገርምም። የሚገርመው ሥራውን የሚሠራ አንድ ዘዴ መኖሩ ነው።

የአባይ ሸለቆ ጸሐፍት

አፍ፣ ወገብና ወለል የሚለው ስሌት አዲስ ነገር አይደለም። አባይ በሚወርድበት በግብፅ፣ ከ3 ሺህ 500 ዓመት በፊት የተጻፈውና ዛሬ በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የሪንድ ፓፒረስ፣ አሕመስ በተባለ ጸሐፊ እጅ የተገለበጠ የሂሳብ መማሪያ ነው። ከጥያቄዎቹ መካከል የክብ ጎተራ ይዘት ይገኝበታል፤ የጎተራው ዲያሜትር 9 ክንድ፣ ቁመቱ 10 ክንድ ነው። ጸሐፊው ከዲያሜትሩ ዘጠነኛውን ቀንሶ የቀረውን 8 በራሱ ያባዛል፤ 64 ያገኛል፤ በ10 አባዝቶ 640 ይላል። በዛሬው ስሌት መልሱ 636 ነው። ልዩነቱ ከመቶ አንድ አይሞላም። ግብርና ሰብሳቢው መንግሥት ጎተራ ውስጥ ያለውን ሳያውቅ ማደር ስላልቻለ የተሠራ ሂሳብ ነው።

ከዚያም በሚቀድመውና በሞስኮ በሚገኘው ሌላ ፓፒረስ ላይ ጫፉ የተቆረጠ ፒራሚድ ይዘት ተሰልቷል፤ ታቹ በየጎኑ 4፣ ላዩ 2፣ ቁመቱ 6 ነው፤ መልሱም 56። ይህ የተገለበጠ የቤተሰብ ኩሬ ነው ማለት ይቻላል። በአፍ፣ ወገብና ወለል ስሌት ሲፈተሽ ታቹ 16፣ ወገቡ 9 በ4 ተባዝቶ 36፣ ላዩ 4፣ ድምሩ 56፤ በ6 ተባዝቶ ለ6 ሲካፈል ያው 56 ነው።

በአውሮፓ ደግሞ የከዋክብት ተመራማሪው ዮሐንስ ኬፕለር በ1613 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በኦስትሪያዋ ሊንዝ ከተማ ለሠርጉ ወይን ሲገዛ ነጋዴው በበርሜሉ ቀዳዳ ዘንግ ሰዶ ዘንጉ በነካው ርዝመት ብቻ ዋጋ ሲቆርጥ አየ። አንድ ዘንግ አጭር ወፍራሙንም ረጅም ቀጭኑንም በርሜል በእኩል እንዴት ይለካል ብሎ ጠየቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በበርሜል ይዘት ላይ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በጀርመንኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ይኸው ሁለት ጫፍና አንድ ወገብ የመለካት ስሌት እስካሁን የኬፕለር የበርሜል ደንብ እየተባለ ይጠራል። በእህል ገበያ እጁን ከረጢት ውስጥ ሰዶ «ይህ ይህን ያህል ነው» የሚል ደላላ በየአገሩ አለ።

ፕሪዝም፣ ሲሊንደር፣ ፒራሚድ፣ ኮንና ሉል በትምህርት ቤት የሚሰጡ ናቸው፤ ጫፋቸው የተቆረጠውም በሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ ይገኛል። የአርሶ አደሩ ልጅ ደብተር ውስጥ ያለው ነገር ከደጅ ካለው ጎተራ ጋር ሳይተዋወቅ ይቀራል እንጂ ዕውቀቱ ከቤቱ አልጠፋም።

ጎተራ፣ ክምርና ጣሳ

ቅርጹን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ከታች ወደ ላይ ሲኬድ ስፋቱ ምን ይሆናል? ሳይለወጥ ከወጣ ሳጥን ወይም ሲሊንደር ነው፤ የወለሉን ስፋት በቁመቱ ማባዛት ነው። እየጠበበ ሄዶ ሾሎ ካለቀ ኮን ወይም ፒራሚድ ነው፤ ያው ተባዝቶ ለ3 ይካፈላል። እየጠበበ ሄዶ ሳይሾል ከቆመ፣ ወይም ወገቡ ላይ ካበጠ፣ የሦስት ቦታው ስሌት ይገባል። ያልተማመነ ሰው ለሁሉም የሦስት ቦታውን ቢጠቀም ከትክክለኛው ይደርሳል፤ ለሳጥኑም፣ ለኮኑም፣ ለሉሉም ይሠራል።

ጎተራ ሞልቶ እያለ ዲያሜትሩን መለካት አይቻልም፤ ዙሪያውን በገመድ መለካት ግን ይቻላል። ዙሪያው ለ3.14 ሲካፈል ዲያሜትሩ ይገኛል። ዙሪያው 4 ሜትር የሆነ ጎተራ ዲያሜትሩ 1 ሜትር ከ27 ነው፤ የእህሉ ቁመት 1 ሜትር ተኩል ከሆነ ይዘቱ 1.9 ሜትር ኪዩብ ይመስላል። ግን ገመዱ የዞረው በውጭ በኩል ነው። የጭቃውና የእበቱ ልስን ከነጭራሮው 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው የውስጡ ዲያሜትር 1 ሜትር ከ17 ይሆናል፤ ይዘቱም ወደ 1.6 ሜትር ኪዩብ ይወርዳል። በስንዴ ሲተመን ልዩነቱ ከ2 ኩንታል በላይ ነው። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ያለውን የቤተሰብ ቀለብ ለሚያሰላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ክረምት ላይ «እህሉ ማን ወሰደው?» የሚል ጭቅጭቅም የሚነሳው አንዳንዴ እህሉ ከመጀመሪያውም ስላልነበረ ነው።

ይዘቱን ወደ ኩንታል ለመቀየር የእህሉ ክብደት መታወቅ አለበት። አንድ ሜትር ኪዩብ ንጹህ ደረቅ ስንዴ 770 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ በቆሎ 720 አካባቢ፤ ገብስ ከሁለቱም ይቀላል። እንደ ዝርያውና እንደ እርጥበቱ ስለሚለያይ ግን የራስን እህል መመዘን ይሻላል። አፉ የተቆረጠ የ20 ሊትር ጀሪካን እህል ሞልቶ፣ አፉን በዘንግ አስተካክሎ መመዘንና የጀሪካኑን ክብደት መቀነስ ነው። የተገኘው ኪሎ ግራም በ50 ሲባዛ የአንድ ሜትር ኪዩብ ክብደት ይገኛል።

አውድማ ላይ የተከመረ እህል ኮን ነው። ዓይን ግን እንደ ኮን አያየውም፤ ቁመቱን አይቶ ይፈርዳል። ገመድ ዙሪያውን ይዞራል፤ ቀጭን ዘንግ ከጫፉ እስከ ወለሉ ተሰክቶ ቁመቱ ይወሰዳል። ዙሪያው በራሱ ተባዝቶ፣ በቁመቱ ተባዝቶ ለ37.7 ሲካፈል ይዘቱ ይወጣል። ዙሪያው 9 ሜትር ከ40፣ ቁመቱ 75 ሳንቲ ሜትር የሆነ የስንዴ ክምር 1.76 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም 13 ኩንታል ተኩል ገደማ ነው። ጎኑ ያለው ሌላ ክምር ዙሪያውም ቁመቱም በሩብ ቢበልጥ፣ ቁመቱ ገና 94 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ስንዝር እንኳ አልበለጠም። እህሉ ግን ወደ 26 ኩንታል ይጠጋል። ክምር ሳይመዘን አውድማ ላይ በዓይን ግምት ሲሸጥ፣ ትልቁ ክምር ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ተጎጂ ይሆናል፤ ምክንያቱም ትልቅ ክምር ከሚመስለው በላይ ትልቅ ነው። ሚዛን ባለበት ሚዛን ይቅደም። ገመዱ የሚያስፈልገው ሚዛን በሌለበትና ሚዛኑ በተጠረጠረበት ነው።

የገበያ ጣሳም የራሱ ጂኦሜትሪ አለው። በቁልል የሚሰፈር እህል ላይ ዋናው ነገር የጣሳው ጥልቀት ሳይሆን የአፉ ስፋት ነው። አፉ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስፈሪያ ላይ የሚቆመው ቁልል አንድ ስኒ ቡና አያህልም፤ ከ65 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። አፉ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነው ላይ ግን ስምንት እጥፍ፣ ግማሽ ሊትር ያህል ይቆማል። ሁለቱ መስፈሪያዎች እስከ አፋቸው እኩል ቢይዙም ቁልላቸው እኩል አይደለም። ሻጭ ሲሆን ጠባብ አፍ፣ ገዢ ሲሆን ሰፊ አፍ የሚመርጥ ነጋዴ ኮን የሚለውን ቃል ባያውቅም ነገሩን ጠንቅቆ ያውቀዋል። በዘንግ ልክ ተደርጎ የሚሰፈር መስፈሪያ ይህን መንገድ ይዘጋል።

የጭድና የድርቆሽ ክምር ሁለት ቅርጽ ነው፤ ታቹ ሲሊንደር፣ ላዩ ኮን። ወለሉ ዲያሜትሩ 4 ሜትር የሆነ፣ 2 ሜትር ቀጥ ብሎ ወጥቶ በላዩ 2 ሜትር የሾለ ክምር ቁመቱ 4 ሜትር ነው። ታችኛው ክፍል 25 ሜትር ኪዩብ፣ ላይኛው 8.4 ሜትር ኪዩብ ይይዛል። ከቁመቱ ግማሽ የሆነው ጫፍ ከመኖው ሩብ ብቻ ነው። የበጋ መኖ የሚቀምር ሰው ሁለቱን ለይቶ መለካት ይኖርበታል፤ የጭድ ጥቅጥቅነት እንደ አከማመሩ በጣም ስለሚለያይም፣ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ አንድ አንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም ውስጥ ጭዱን በዚያው ልክ ረግጦ መመዘን ያስፈልጋል።

የአፈርና ውሃ ጥበቃ ቦይም እንዲሁ ነው። ላዩ 90፣ ታቹ 50፣ ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ በ100 ሜትር ርዝመት 35 ሜትር ኪዩብ አፈር ይወጣዋል። በላዩ ስፋት ብቻ የመዘገበ 45 ይጽፋል፤ በታቹ ብቻ የመዘገበ 25። ሥራው በሜትር ኪዩብ በሚከፈልበት ቦታ አንደኛው መንግሥትን፣ ሁለተኛው ቆፋሪውን ይጎዳል።

ከመሬት በታች ላለ የእህል ጉድጓድ ደግሞ ልኬቱ በአንድ ጥንቃቄ ይታጀባል። አፉ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ወገቡ 1 ሜትር ከ80፣ ወለሉ 1 ሜትር ከ20፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ጉድጓድ በሦስት ቦታ ስሌት 3.9 ሜትር ኪዩብ ገደማ ይይዛል፤ አፉን ብቻ ያየ ሰው ከዚህ ሰባተኛውን ያህል ብቻ ይገምታል። ነገር ግን ተዘግቶ የቆየ ጉድጓድ ውስጥ እህሉና ነፍሳቱ የተነፈሱት መጥፎ አየር ይጠራቀማል፤ ዘሎ የገባን ሰው ይገድላል። ተከፍቶ በደንብ ሳይናፈስ፣ ከላይም የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር ማንም ለመለካት ብሎ መግባት የለበትም።

ኩሬውን ለመለካት የተሻለው ጊዜ ግንቦት ነው፤ ወለሉ ደርቆ የሚታይበት፣ ደለሉ ተጠርጎ ያበቃበት፣ ሰኔ ገና ያልገባበት። የወለሉ ርዝመትና ወርድ በሜትር ይወሰዳል፤ የማስተንፈሻው ከፍታ ይረጋገጣል፤ እንጨቱም ያኔ ይተከላል። በምሳሌው ኩሬ እንጨቱ ላይ ከታች 1 ሜትር ከ35 ላይ «ሲሶ» ተብሎ ይጻፍበታል፤ 2 ሜትር ከ70 ላይ ደግሞ «ሙሉ»።